በጠባብ ዓለት ውስጥ ስላለ የተፈጥሮ ጋዝ፤ አለካኩና የፍሰቱ ማጎልበቻ ዘዴ
(ከካሉብ ጋዝ ጋር በማያያዝ)

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ከምድር በታች የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ ከታወቀ በኋላ፣ ያ ጋዝ በቂ ሆኖ ወደ ላይ ለመፍሰስ መቻሉ በምን ይታወቃል? አልፈስም ያለ እንደ ሆነስ በምን ዘዴ እንዲፈስ ይደረጋል? የሚለው ነው። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስለ ኦጋዴን ጋዝ በተወራ ቁጥር ጎልቶ የሚሰማው የብዛቱ ቁጥር ስለ ሆነ፣ ከብዛቱ ጋር አብሮ መጠየቅ ያለበትን ነገር ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ጠቃሚ ሆኖ አግኝተነዋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። የኛ ሐሳብ ላሚቱ የለችም ለማለት ሳይሆን፣ ወተቷ እንዴት እንደሚለካና እንዴት እንደሚታለብ ለማስረዳት ነው።

፩. የነገሩ መነሻ

የአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1945 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በኦጋዴን ነዳጅ ሲፈልግ ቆይቶ፣ ለንግድ የሚበቃ ነገር ሳያገኝ ሄደ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሺላቦ አካባቢ በካሉብ፣ ቀጥሎም በሂላላ ጋዝ አገኘ። የቴኔኮ ሥራ ከአብዮቱና ከጦርነቱ ጋር ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች በዚያው ስፍራ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ባንክ ለካሉብ ልማት ብድር ፈቀደ፤ ጋዙ ግን ለገበያ አልወጣም። ከዚያ በኋላ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ተዋዋለ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በኦጋዴን 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ወደ 200 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር የሚጠጋ ጋዝ መኖሩ በውጭ አጥኚዎች መረጋገጡ ተነገረ። በመጨረሻም መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በካሉብ የመጀመሪያው የጋዝ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ተመረቀ። የምዕራፉ አቅም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ መሆኑ ተገልጿል።

አንባቢ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ እንዲያስተያይ እንጠይቃለን። አንድ ሊትር የቀዘቀዘ ፈሳሽ ጋዝ ወደ አየር ጠባዩ ሲመለስ ወደ 600 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ማለት 67 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ያህል ጋዝ ነው። 200 ቢሊዮኑን ለ67 ሚሊዮን ብናካፍለው ወደ 3 ሺህ ዓመት ይመጣል። በዚህ ልክ ቢወጣ ያን ሁሉ ጋዝ ለመጨረስ ከአክሱም መንግሥት ዘመን እስከ ዛሬ ካለው የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን የምንለው ፋብሪካውን ለማሳነስ አይደለም፤ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁልጊዜ ትንሽ ነው፤ ልኩንም የወሰነው የማሽኑና የማጓጓዣው አቅም ነው። የምንፈልገው ግን ብዛትና ፍሰት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው በግልጽ እንዲታይ ነው። ማሽኑን በገንዘብ ማብዛት ይቻላል። ዓለቱ ግን በገንዘብ ብቻ አይታዘዝም።

፪. ክፍተትና አሳላፊነት

ጋዝ ከመሬት በታች በዋሻ ወይም በበርሜል መሳይ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚገኝ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጋዙ ያለው በአሸዋ ድንጋይ ፍሬዎች መካከል በቀሩት ጥቃቅን ባዶ ቦታዎች ውስጥ ነው። ይህ ባዶ ቦታ ከዓለቱ ጠቅላላ መጠን ከመቶ ስንት እጅ እንደ ሆነ የሚያመለክተውን ልክ በዚህ ጽሑፍ «ክፍተት» እንለዋለን፤ በባለሙያዎች ዘንድ ፖሮሲቲ ይባላል። ሁለተኛው ልክ ባዶ ቦታዎቹ እርስ በርሳቸው ተገናኝተው ጋዙን ምን ያህል እንደሚያሳልፉ የሚያሳየው ነው። እርሱን «አሳላፊነት» እንለዋለን፤ በባለሙያዎች ዘንድ ፐርሚያቢሊቲ የሚባለው ነው። ክፍተት የጋዙን ብዛት ይነግረናል፤ አሳላፊነት ፍሰቱን።

የጥንቱን ፒያሳ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም። በ2016 ዓ.ም. እስኪፈርስ ድረስ በዶሮ ማነቂያ ቤቱ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የቆመ፣ በየክፍሉም ሰው የሞላበት ነበር። ክፍሉንና ሰዉን ለቈጠረ ትልቅ ከተማ ነው። መውጫው ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር። ሚያዝያ 23 ቀን የአራዳ ጊዮርጊስ ሲነግሥ ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ልውጣ ቢል፣ በሰዓት ስንት ሰው አደባባይ እንደሚደርስ የሚወስነው የመንገዱ ስፋት እንጂ የነዋሪው ብዛት አይደለም። በዓለት ውስጥ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ምክንያቱም አሳላፊነት የሚለዋወጠው በመተላለፊያው ስፋት ካሬ ነው። መተላለፊያው በ10 እጅ ቢጠብ አሳላፊነቱ በ100 እጅ ይወድቃል።

ይህን ሕግ በመጀመሪያ በሙከራ ያገኘው ሄንሪ ዳርሲ የተባለ የፈረንሳይ መሐንዲስ ነው። ለዲዦን ከተማ የውኃ ሥራ ሲያከናውን በአሸዋ በተሞላ ቧንቧ ውኃ እያሳለፈ ለካና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1856 አሳተመ። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ፍሰት ከግፊት ልዩነትና ከመተላለፊያው ወርድ ጋር ይጨምራል፤ ከመንገዱ ርዝመትና ከፈሳሹ ውፍረት ጋር ይቀንሳል፤ የቀረው የአሸዋው ጠባይ ነው። በፒያሳ ቡና ቤቶች ያለው የማኪያቶ ማሽን ይህንኑ ሕግ በየደቂቃው ያሳየናል። ቡናው ሻከር ብሎ ሲፈጭ ውኃው ቶሎ ይወርዳል፤ ልሞ ተፈጭቶ በኃይል ሲጠቀጠቅ ግን ማሽኑ 9 አትሞስፌር ያህል እየገፋ እንኳ ጠብታ ብቻ ይወጣል። ቡና ቀጂው ማሽኑን ማስተካከል ወይም ቡናውን ሻከር አድርጎ ማስፈጨት ይችላል። ጋዝ አውጪው ግን ግፊቱንም ሆነ ፍሬውን አልመረጠም፤ ሁለቱንም ተፈጥሮ አስቀድማ ወስናበታለች።

የአሳላፊነት መለኪያ ከዳርሲ ስም የተወሰደ ሲሆን፣ አንድ ሺህኛው ሚሊዳርሲ ይባላል። ጥሩ የሚባል ጋዝ ያዘለ አሸዋ ድንጋይ ከጥቂት ሚሊዳርሲ እስከ ብዙ መቶ ሚሊዳርሲ ይደርሳል። ከ0.1 ሚሊዳርሲ በታች የሆነው «ጠባብ» የሚባለው ነው፤ ይህን ወሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ለዋጋና ለግብር ጉዳይ አውጥቶት፣ እስከ ዛሬ በዓለም ይሠራበታል። ጋዝ የሚገኝበት ሸክላማ ድንጋይ ደግሞ ከዚህ በብዙ ሺህ እጅ ያነሰ አሳላፊነት አለው።

ዓለት የሚጠብበት ምክንያት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ፣ በላዩ የተከመረው ደለል ሲጫነው ፍሬዎቹ ይጠጋጋሉ። ሁለተኛ፣ በውስጡ የሚዘዋወረው ውኃ ሲሊካ ወይም የኖራ ድንጋይ ማዕድን እያስቀመጠ ፍሬዎቹን እንደ ሲሚንቶ ያጣብቃል። ሦስተኛ፣ በመተላለፊያው ውስጥ የሸክላ ማዕድናት ይበቅላሉ፤ ከእነዚህም ኢላይት የሚባለው እንደ ቀጭን ፀጉር ሆኖ መንገዱን ይዘጋል። በካሉብ ጋዙ የተገኘው በአዲግራት አሸዋ ድንጋይና ከእርሱ በታች ባለው የካሉብ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው። የአዲግራትን አሸዋ ድንጋይ በትግራይ ገደሎች ላይ ማየት ይቻላል፤ በዓባይ በረሃም ተገልጦ ይታያል። ነገር ግን ከገደል ላይ የተፈለጠ ድንጋይ ዝናብና ፀሐይ ያላላው ስለ ሆነ፣ በብዙ ሺህ ሜትር ጥልቀት ተጭኖ ለሚኖረው ወንድሙ ሙሉ ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ልኬቱ ከጉድጓዱ መምጣት አለበት።

፫. አሳላፊነት እንዴት ይለካል?

ሦስት ዓይነት ምስክሮች አሉ፤ እያንዳንዱም የየራሱ ጉድለት አለው።

የመጀመሪያው በሽቦ ታስሮ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው የመመዝገቢያ መሣሪያ ነው። የጋማ ጨረር መለኪያው ሸክላማውን ንብርብር ከአሸዋማው ይለያል፤ የጥግግትና የኒውትሮን መለኪያዎች ክፍተቱን ያሳያሉ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያው ደግሞ ባዶው ቦታ ጨዋማ ውኃ ወይስ ጋዝ እንደ ያዘ ይናገራል። ሆኖም ከእነዚህ ውስጥ አሳላፊነትን በቀጥታ የሚለካ የለም። የብዛት ቁጥር በአመዛኙ የሚሰላው በዚህ ምስክር ነው፤ የፍሰት ቁጥር ግን አይወጣበትም።

ሁለተኛው ምስክር ከጉድጓዱ ተቆርጦ የሚወጣው የዓለት ናሙና ነው። በላቦራቶሪ ውስጥ ጋዝ እያሳለፉ አሳላፊነቱን ይለኩታል። እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ናሙናው ከምድር በታች የነበረበት ሸክም ሲነሣለት ይላላል፤ ስለዚህ በዚያው ልክ እየተጫኑ መለካት ይገባል። ደግሞም ጋዝ በዝቅተኛ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግድግዳውን እየተንሸራተተ ስለሚሄድ፣ የሚነበበው ቁጥር ከእውነቱ ይበልጣል። ይህን ክሊንክንበርግ የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1941 አስረድቶ ማረሚያውን ሰጥቷል። ሦስተኛ፣ ናሙናው በላቦራቶሪ ደረቅ ሲሆን፣ በስፍራው ሳለ ግን ከባዶ ቦታው አንዱን ክፍል ውኃ ይዞት ነበር፤ ውኃው የሚይዘው ደግሞ ጠባቡን መተላለፊያ ነው። በጥሩ ዓለት እነዚህ ሦስቱ ብዙ ለውጥ አያመጡም። በጠባብ ዓለት ግን ተደምረው ቁጥሩን በ10 እጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊያሳንሱት ይችላሉ። እንግዲህ «አሳላፊነቱ ይህን ያህል ነው» የሚል ወረቀት ሲቀርብልን፣ እንዴት ተለካ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው ምስክር ጉድጓዱ ራሱ ነው። ለጥቂት ጊዜ እንዲፈስ ይደረግና ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ግፊቱ ከታች እንዴት እያደገ እንደሚመለስ ይመዘገባል። ከዚህ መዝገብ ላይ አሳላፊነትን የማውጣት ዘዴ ሆርነር እ.ኤ.አ. በ1951 ባቀረበው መንገድ ዛሬም ይሠራበታል። ነገር ግን በጠባብ ዓለት ውስጥ የግፊቱ ለውጥ የሚጓዘው በዝግታ ነው። አሳላፊነቱ በ100 እጅ ቢያንስ፣ ያንኑ ያህል ርቀት ለመመርመር የሚያስፈልገው ጊዜ በ100 እጅ ይጨምራል። በጥሩ ዓለት 1 ቀን የሚበቃው ምርመራ በጠባቡ ከ3 ወር በላይ ይጠይቃል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሚወጣው ጋዝ በጉድጓዱ አጠገብ የተጠራቀመው ስለ ሆነ፣ በርቀት ስላለው አይመሰክርም። በጉድጓድ አፍ ላይ የሚንቦገቦግ ነበልባል ልብ ያስደስታል፤ ጋዝ ለመኖሩም ማስረጃ ነው። ፍሰቱ ለ20 ዓመት ስለ መዝለቁ ግን ማስረጃ አይሆንም።

፬. ጉድጓድ የሚሰንፍባቸው ሁለት በሽታዎች

አንድ ጉድጓድ የሚያወጣው ጋዝ ካነሰ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ዓለቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ቁፋሮው ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ በቁፋሮ ጊዜ የሚፈስሰው ጭቃ ወደ ዓለቱ ሰርጎ የጉድጓዱን ዙሪያ ይደፍነዋል። ባለሙያዎች ይህን ጉዳት «ቆዳ» ይሉታል። ሁለተኛው፣ ዓለቱ ራሱ ከተፈጥሮው ጠባብ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በሽታዎች ላይ ላዩን አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን በቀላል ሒሳብ እናሳይ።

ጋዙ ከየአቅጣጫው ወደ ጉድጓዱ ሲሰበሰብ የሚያልፍበት ክበብ እየጠበበ ይሄዳል፤ በዓል ላይ የተበተነ ሕዝብ በአንድ በር ሊገባ ሲሞክር በሩ አጠገብ እንደሚጨናነቅ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የግፊቱ ኪሳራ በሜትር ሳይሆን በእጥፍ ይቈጠራል። የጉድጓዱ ግማሽ ዲያሜትር 0.1 ሜትር ቢሆን፣ ከ0.1 እስከ 1 ሜትር፣ ከ1 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 1,000 ሜትር ያሉት አራት እርከኖች እያንዳንዳቸው እኩል ግፊት ይበላሉ። እያንዳንዱን እርከን አንድ ብንለው ጠቅላላ ተቃውሞው 4 ነው።

አሁን የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው 1 ሜትር፣ በጭቃ ተደፍኖ አሳላፊነቱ አንድ ዐሥረኛ ሆነ እንበል። የዚህ እርከን ተቃውሞ ከ1 ወደ 10 ያድጋል፤ ጠቅላላው 13 ይሆናል። ፍሰቱም ከሚገባው ወደ ሲሶው አካባቢ ይወርዳል። ይህን ጉድጓድ ለመፈወስ ያን 1 ሜትር ማጽዳት ብቻ ይበቃል፤ ፍሰቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጨምራል።

ዓለቱ ራሱ ጠባብ ሆኖ ጉዳት ከሌለበትስ? ያንኑ 1 ሜትር ፈጽሞ ብናጠፋው እንኳ ተቃውሞው ከ4 ወደ 3 ብቻ ይወርዳል፤ የምናገኘው ጭማሪ አንድ ሦስተኛ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው ከጉድጓዱ በግራና በቀኝ 100 ሜትር የሚዘልቅ ክፍት ስንጥቅ ነው። እንዲህ ያለ ስንጥቅ፣ ጋዙን በሚገባ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የጉድጓዱን ግማሽ ዲያሜትር 50 ሜትር እንዳደረግነው ያህል ይቈጠራል። የቀረው ተቃውሞ 1.3 ብቻ ነው፤ ፍሰቱም ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሒሳብ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ለተደፈነ ጉድጓድ ትልቅ ስንጥቅ ማውጣት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለጠባብ ዓለት ጉድጓዱን ማጠብ ደግሞ ሕመምተኛውን በማይሆን መድኃኒት ማዘግየት ነው። ሁለቱን የሚለየው ደግሞ ከላይ ያየነው የግፊት ምርመራ ነው፤ ያው መዝገብ አሳላፊነቱንና «ቆዳውን» ለየብቻ ይሰጣል።

፭. ፍሰትን የማጎልበቻ ዘዴዎች

ጉድጓድን በኃይል የማነቃቃት ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ በፔንሲልቫኒያ ሮበርትስ የተባለ ሰው በጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እያወረደ ዓለቱን ይሰባብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በኦሃዮ በአሲድ ማጠብ ተጀመረ፤ የቧንቧውን ብረት ከአሲዱ የሚጠብቅ ኬሚካል ከተገኘ በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1932 ወዲህ ተስፋፋ። አሲድ በኖራ ድንጋይ ውስጥ መንገድ እየበላ ይሄዳል፤ በአሸዋ ድንጋይ ግን ዋናው ጥቅሙ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ጉዳት ማጽዳት ነው።

በውኃ ግፊት የመሰንጠቅ ሙከራ በመጀመሪያ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1947 በካንሳስ በሁጎተን የጋዝ መስክ ነው። ዘዴው ሠራ፤ የጉድጓዱ ፍሰት ግን ብዙም አልተሻሻለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1949 በኦክላሆማና በቴክሳስ ለንግድ ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፋ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በብረት ቧንቧው ላይ ከጋዙ ንብርብር ትይዩ ቀዳዳ ይወጣል፤ ዓለቱን ጨምቆ ከያዘው ኃይል በሚበልጥ ግፊት ፈሳሽ ይገፋል፤ ዓለቱም ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ፈለግነው ሳይሆን ዓለቱ በትንሹ በተጨመቀበት አቅጣጫ ይከፈታል፤ በጥልቅ ስፍራ አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል የቆመ ይሆናል። ስፋቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ግፊቱ ሲነሣ መልሶ እንዳይዘጋ ከፈሳሹ ጋር አሸዋ ወይም የተጠበሰ ሸክላ ፍሬ ይላካል፤ እርሱም ስንጥቁን ደግፎ ይይዛል። በጠባብ መንደሮች መካከል እንደ ቸርችል ጎዳና ያለ ሰፊ መንገድ መክፈት ማለት ነው፤ የየቤቱ ሰው በጠባቡ መንገድ ጥቂት ብቻ ተጉዞ ሰፊውን ጎዳና ያገኛል።

በመካከሉ ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1967 በኒው ሜክሲኮ የአሜሪካ መንግሥት 29 ኪሎቶን የኑክሌር ፈንጂ በጠባብ ዓለት ውስጥ አፈነዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1973 በኮሎራዶ ደገመው። ጋዝ ወጣ፤ ነገር ግን በጨረር የተበከለ ስለ ነበር ለቤት ማገዶ የሚገዛው አልተገኘም። ዓለቱን መስበርና ጥቅም ማግኘት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቴክሳስ ሚቸል ኢነርጂ የተባለው ኩባንያ በሸክላማ ድንጋይ ላይ ቀጭን ውኃን በብዛት መጠቀም ጀመረ። ይህ አሠራር ወደ ጎን ከሚታጠፍ ቁፋሮ ጋር ሲጣመር የአሜሪካን የጋዝ ምርት ለወጠው።

ስንጥቁ ሊበላሽ የሚችልባቸው መንገዶችም አሉ። ቁልቁል ሲያድግ ከጋዙ በታች ያለውን ውኃ ያዘለ ንብርብር ከደረሰ፣ ጉድጓዱ በጋዝ ፋንታ ውኃ ያወጣል። የተገፋው ውኃ በጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ ከቀረ ራሱ የጋዙን መንገድ ይዘጋል። በዓለቱ ውስጥ የሚያብጥ የሸክላ ማዕድን ካለ ንጹሕ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ ከዋናው ሥራ በፊት በትንሽ ፈሳሽ ሙከራ የዓለቱን የመጨመቅ ኃይል መለካት፣ የናሙናውንም ማዕድን ማጥናት የግድ ነው።

፮. ለአገራችን ሲታሰብ

ይህ ሁሉ ለካሉብና ለሂላላ ምን ማለት ነው? በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ በጎዴ ለማቋቋም ተዋውለዋል፤ የሚቀለበውም በዚሁ ጋዝ ነው። ለአንድ ቶን ዩሪያ 600 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ጋዝ እንደሚያስፈልግ ብንወስድ፣ በዓመት 1.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ 27 እጥፍ ነው። በብዛት በኩል አያሳስብም፤ 7 ትሪሊዮን ጫማው ከመቶ ዓመት በላይ ሊቀልበው ይችላል። ነገር ግን የማዳበሪያ ፋብሪካ የሚፈልገው ከምድር በታች የተኛ ጋዝ ሳይሆን በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚመጣ ጋዝ ነው። በጎጃምና በአርሲ የክረምት ደመና ሲመጣ ማዳበሪያ ይደርስልኝ ይሆን እያለ የሚጨነቀው ገበሬ ተስፋ የተንጠለጠለው በስንት ጉድጓድ፣ በየትኛው አሳላፊነት፣ ለስንት ዓመት በሚሉት ቁጥሮች ላይ ነው።

ሌላው ታላቅ ነገር ውኃ ነው። አንድ ጉድጓድ ወደ ጎን ተቆፍሮ በብዙ ስፍራ ሲሰነጠቅ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ሊጠጣ ይችላል። የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር የዝናብ ውኃ በብርካ አጠራቅሞ ከብቱንና ልጁን የሚያጠጣ ሰው ነው። ለእርሱ አንድ ኪዩቢክ ሜትር ውኃ የሚያወጣው ዋጋ በቴክሳስ ከሚያወጣው ጋር አይተካከልም። ስለዚህ ጠባብነቱ በምርመራ ያልተረጋገጠን ጉድጓድ መሰንጠቅ በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር ብክነት አይደለም። ሥራው ግድ ቢሆንም እንኳ ሌሎች መንገዶች አሉ፤ በናይትሮጅን ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ መሰንጠቅ፣ ለመጠጥ የማይሆነውን ጨዋማ የከርሰ ምድር ውኃ መጠቀም፣ ተመልሶ የሚወጣውንም ፈሳሽ አጣርቶ ደግሞ መጠቀም ይቻላል። የሚመለሰው ፈሳሽ ጨውና ኬሚካል የያዘ ስለ ሆነ፣ ከብት በሚሰማራበት ሜዳ ላይ እንዳይፈስ ከመጀመሪያው ማቀድ ይገባል።

እንግዲህ ስለ ጋዛችን አዲስ ቁጥር በተነገረ ጊዜ ሁሉ አራት ጥያቄዎች ቢጠየቁ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ ቁጥሩ በዓለቱ ውስጥ ያለው ነው ወይስ ሊወጣ የሚችለው? ሁለተኛ፣ አሳላፊነቱ የተለካው ናሙናው በጥልቁ የነበረበትን ሸክምና ውኃ እንደ ያዘ ነው ወይስ ደርቆና ላልቶ? ሦስተኛ፣ ጉድጓዱ የተመረመረው ለስንት ሰዓት ወይም ለስንት ቀን ነው? አራተኛ፣ ፍሰቱ ያነሰው በጉዳት ነው ወይስ በዓለቱ ጠባብነት? እነዚህን ለመጠየቅ ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም፤ ለመመለስም የሚያስፈልገው ዕውቀት ከአራት ኪሎ የትምህርት ክፍሎች የራቀ አይደለም። የጂኦሎጂ ተማሪ ዓባይ በረሃ ወርዶ የአሸዋ ድንጋዩን አጣባቂ ማዕድን በማይክሮስኮፕ ሊያጠና፣ የኬሚስትሪ ተማሪ የሸክላው ማዕድን በውኃ ማበጡን ሊሞክር፣ የሒሳብና የፊዚክስ ተማሪ ደግሞ የግፊት መዝገብ ሊተነትን ይችላል። ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ አልፏል፤ በእነዚህ ዓመታት ብዙ ኩባንያ መጥቶ ሄዷል። ኩባንያው ሲሄድ ዓለቱ በስፍራው ይቀራል። ዓለቱን የመለካት ችሎታም ከኩባንያው ጋር እንዳይሄድ ማድረግ የኛ የተማሪዎቹ ፋንታ ነው።